ሥጋ ሳይበሉ ጤነኛ ሆኖ መኖር፤ ጾም ሲፈታ የሚመጣው ጥያቄ

ሃምሳ አምስቱን የሁዳዴ ቀናት አብረን ስንጾም ማንም ስለ ጤናዬ ጠይቆኝ አያውቅም። ከመሥሪያ ቤታችን አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ገብተን አንድ በያይነቱ ለሁለት እያዘዝን፣ ምስሩን ከጎመኑ ጋር እየጠቀለልን ጾሙን እንጨርሳለን። ጾሙ ተፈትቶ ጓደኞቼ ወደ ሥጋ ቤት ሲያመሩና እኔ ያንኑ ሽሮ ሳዝ ግን ጠረጴዛው በሙሉ ወደ እኔ ይዞራል። «ቆይ፣ ፕሮቲን ከየት ታገኛለህ?» ይላል አንዱ። «ደም ማነስ ይጥልሃል» ይላል ሌላው። «ተዉት፣ ሚስቱ ካልተቸገረች እኛ ምን አገባን!» የሚልም አይጠፋም። በሳምንቱ ሁላችንም ስንበላው የሰነበትነው ምግብ፣ ፋሲካ ሲያልፍ እኔን ብቻ የሚገድል ይሆናል።

ሥጋ መብላት ያቆምኩት በ2008 ዓ.ም. ነው። ምክንያቴ የእንስሳት ፍቅር አልነበረም። አንድ ሌሊት የቀኝ እግሬ አውራ ጣት አብጦ፣ አንሶላ ሲነካው እንኳን የሚያስጮኸኝ ሆኖ አደረ። ሪህ ነበር። ሐኪሙ ሥጋና ቢራ እንድቀንስ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ቁርጥ ፊቴ ተቀምጦ መቀነስ የምችል ሰው አይደለሁም፤ ማቆም ግን እችላለሁ። ስለዚህ ቀዩንም ሥጋ፣ ዶሮውንም፣ ዓሣውንም አቆምኩ።

ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን፣ ከሐኪሞች የሰማሁትንና ታምሜ የተማርኩትን ሥጋ ለመተው ለሚያስቡና በጓደኞቻቸው ጥያቄ ለተሰላቹ አንባቢያን ይጠቅም እንደሆነ በማለት እዚህ አቅርቤዋለሁ። ጓደኞቼ በብዙው ነገር ተሳስተዋል። በአንድ ነገር ግን ትክክል ነበሩ። ያንን አንዱን አለመስማቴ ብዙ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ቬጀቴሪያን ማን ነው?

ቃሉ አንድ ቢሆንም አመጋገቡ ብዙ ነው። ሥጋና ዓሣ የማይበሉ፣ ወተትና እንቁላል ግን የሚወስዱ አሉ። እንቁላል ትተው ወተት ብቻ የሚወስዱም አሉ። ከእንስሳት የሚገኝ ማናቸውንም ነገር፣ ወተትም እንቁላልም ቅቤም የማይወስዱት ቪጋን ይባላሉ። የቬጀቴሪያን ጤና ጥያቄ የሚመለሰው በቅድሚያ የትኛው እንደሆኑ ሲታወቅ ነው። ወተትና እንቁላል አዘውትሮ የሚወስድ ሰው ችግሩ ጥቂት ነው። ቪጋን የሆነ ግን በእቅድ መመገብ አለበት።

የእኛ አገር ሁኔታ እዚህ ላይ ልዩ ይሆናል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን በዓመት ወደ 180 የሚጠጉ ቀናት ይጾማሉ፤ የካህናትና የመነኮሳቱ 250 ያህል ይደርሳል። በእነዚህ ቀናት ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተት፣ ቅቤና እንቁላልም የለም። ስለዚህ እንደ እኔ ሥጋ ትቶ ጾሙንም የሚጾም ሰው «ወተትና እንቁላል የምወስድ ቬጀቴሪያን ነኝ» ቢልም የዓመቱን ግማሽ የሚኖረው እንደ ቪጋን ነው። ይህንን ስሌት በጊዜው አልሠራሁትም።

የጾም ምግባችን ትልቅ ሀብት ነው። በሌላው ዓለም ሥጋ የተወ ሰው ምን እንደሚበላ ግራ ሲገባው እኛ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ስልጆ፣ ሱፍ፣ ተልባና ጎመን ከነአሠራሩ ወርሰናል። ነገር ግን ጾም መፈቻ አለው። ጿሚው በጾሙ ወራት ከሰውነቱ የጎደለውን በፍስኩ ይተካል። እኔ አልተካም። ጾሙን መሠረት አድርጎ ሥጋን ለዘለቄታው የሚተው ሰው ይህንን ልዩነት ማስታወስ ይገባዋል።

ፕሮቲን፤ በብዛት የሚጠየቀው፣ በጥቂቱ የሚያሳስበው

አንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 56 ግራም ነው። የጥራጥሬ ፕሮቲን ከሥጋው ትንሽ ዝቅ ባለ መጠን ስለሚፈጭ ከዚህ ጥቂት ከፍ ማድረግ ጥሩ ነው።

ታዲያ ከየት ይገኛል? ሳይበስል ተመዝኖ መቶ ግራም ባቄላ 26 ግራም ያህል፣ ምስር 25 ግራም ያህል፣ አተር 24 ግራም ያህል፣ ሽምብራ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት ደግሞ 13 ግራም ያህል ይሰጣል። በቀን ሁለቴ እንጀራ በጥራጥሬ ወጥ የበላና ከሰዓት አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ የቆረጠመ ሰው የሚፈልገውን ያገኛል።

«የእህል ፕሮቲን ጎደሎ ነው» የሚለውም ክርክር መልስ አለው። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ቅንጣቶች የተሠራ ሲሆን እህሎች ላይሲን የሚባለው ያንሳቸዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶት ሜቲዮኒን ያንሰዋል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ይሞላል። እንጀራ በሽሮ ማለት ይኸው ነው። በአንድ ማዕድ ላይ መገናኘታቸውም ግዴታ አይደለም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱም ከተበሉ ይበቃል። የሚጎዳው ቀኑን ሙሉ በፓስታ፣ በዳቦና በድንች ጥብስ የሚያሳልፈው ነው።

የሪህ ሕመምተኛ በመሆኔ ሌላም ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ «ጥራጥሬም ለሪህ አይሆንም» የሚል። እ.ኤ.አ. በ2004 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣው ጥናት 47 ሺሕ ያህል ወንዶችን ለ12 ዓመታት ተከታትሎ ያገኘው ሌላ ነው። ሥጋና የባሕር ምግብ በብዛት የሚበሉት በሪህ የመያዝ ዕድላቸው ጨምሯል። ፒዩሪን ያለባቸውን አትክልቶች የበሉት ግን አልጨመረባቸውም። ወተት የሚጠጡት እንዲያውም ቀንሶላቸዋል። ሥጋ በመተው ብቻ ግን ሪህ ይድናል ማለቴ አይደለም። ምግብ ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰው በመጠኑ ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ሐኪሜ ያዘዘልኝን መድኃኒት እወስዳለሁ።

ብረት፤ የጤፍ ዝናና የቡናው ጉዳይ

በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። በእህልና በአትክልት ያለው ግን ብዙው ሳይወሰድ ያልፋል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መመሪያ የቬጀቴሪያኖችን የብረት ፍላጎት ከሌላው ሰው 1.8 እጥፍ አድርጎ አስቀምጦታል። ይህም ለወንዶች በቀን 14 ሚሊ ግራም፣ የወር አበባ ለሚያዩ ሴቶች ደግሞ 32 ሚሊ ግራም ያህል ማለት ነው። ሥጋ የምትተው ሴት ከወንዱ ይበልጥ መጠንቀቅ አለባት፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ጉዳዩ ከሐኪም ጋር የሚወሰን ነው።

«ጤፍ እየበላህ ምን ብረት ይጎድልሃል!» የሚሉኝም አሉ። ጤፍ ብረት እንዳለው እውነት ነው። ይሁንና በላቦራቶሪ ከሚለካው ብረት ከፊሉ እህሉ በአውድማ ሲወቃ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ የሚገባ ነው፤ የአፈሩ ብረት ደግሞ ለሰውነት ብዙም አይጠቅምም። ጤፍን ብቻ ተማምኖ መቀመጥ ልክ አይደለም።

መልካሙ ነገር የብረትን አወሳሰድ በእጃችን ማሻሻል መቻላችን ነው። በእህልና በጥራጥሬ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ብረትንና ዚንክን ይዞ ያስቀራል። ሊጡን በእርሾ ማቡካት፣ ጥራጥሬን መዘፍዘፍ፣ ባቄላን ማጎንቆል ይህንን ፋይቴት ይቀንሰዋል። በደንብ የቦካ እንጀራ ከአፍለኛው የሚሻለው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። ቫይታሚን ሲ ደግሞ ብረቱን ወደ ደም ይስበዋል። ቫይታሚን ሲ ብዙ ሲበስል ስለሚጠፋ ከወጡ ጎን ጥሬ ነገር ይኑር፤ ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ፣ ስንግ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ወይም ከምሳ በኋላ አንድ ብርቱካን።

ከባዱ ነገር ቡናና ሻይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ጥናት አንድ ስኒ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረትን አወሳሰድ 39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ 64 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ሲጠጣ ጉዳት አልነበረውም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣ ያህል ቀንሷል። እኛ ደግሞ እጃችንን ሳንታጠብ ቡና የምናዝ ሰዎች ነን። እኔ ቡናዬን አልተውኩም፤ ሰዓቱን ነው የቀየርኩት። ቁርሴን አንድ ሰዓት ላይ በልቼ ቡናዬን አራት ሰዓት ላይ እጠጣለሁ።

ቢ12፤ ጓደኞቼ ልክ የነበሩበት

ሥጋ በተውኩ በአራተኛው ዓመት የእግሬን ጣቶች ይነዝረኝ ጀመር። ብዙ በመቀመጥ የመጣ መሰለኝ። ቀጥሎ ሁለቱም እግሮቼ ጥጥ ላይ የቆምኩ ያህል መሬቱን አልለይ አሉ። ደረጃ ስወርድ መደገፊያውን መያዝ ጀመርኩ። ድካምም ነበረብኝ፤ ስምም እረሳ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ምክንያቱን ዛሬ ስናገረው ያሳፍረኛል፤ «አላልንህም?» እንዳይሉኝ ብዬ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በየጠረጴዛው ስከራከር ቆይቼ ታመምኩ ማለት መሸነፍ መሰለኝ። ለሰባት ወር ደበቅሁ። በመሐል አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ምንም የደም ምርመራ ሳይደረግልኝ «ነርቭ ነው» ተብዬ የሕመም ማስታገሻ ይዤ ተመለስኩ። ስለ አመጋገቤ አልተጠየቅሁም፤ እኔም አልተናገርኩም።

የደረሰብኝ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። በሥጋዬ ጉዳይ ከሁሉም በላይ የሚያሾፍብኝ እሱ ነበር። አንድ ማታ ከመኪና ስወርድ ስንገዳገድ አይቶ፣ «አንተ፣ አልጠጣህም እኮ! ምን ሆነሃል?» አለኝ። ነገርኩት። አልሳቀም። በማግስቱ ጠዋት ከሥራው ቀርቶ ወደ ሆስፒታል ወሰደኝ።

ሐኪሟ የሚንዘር ብረት አውራ ጣቴ ላይ አሳርፋ «ይሰማዎታል?» አለችኝ። አልተሰማኝም። የደም ምርመራው ሲወጣ ቢ12 ከ200 በላይ መሆን ሲገባው 130 ነበር። ቀይ የደም ሕዋሶቼም ከመጠናቸው በላይ ተልቀዋል። ለጨጓራዬ ለዓመታት ኦሜፕራዞል ስወስድ መኖሬን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች።

ቢ12 የነርቭ ሽፋንን የሚጠብቅና ደም ለመሥራት የሚያስፈልግ ቫይታሚን ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ይህችው ጥቂት ግን ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ካልሆነ ወይም በፋብሪካ ካልተጨመረች ከየትኛውም ዕፅዋት በአስተማማኝ አትገኝም። ከኤርሾም፣ ከእንጀራም፣ ከእንጉዳይም እጠግባለሁ ማለት አይቻልም። ስፒሩሊና የሚባለው የውኃ ዕፅዋት ውስጥ ያለውም አብዛኛው ቢ12 የሚመስል እንጂ ሰውነት የሚጠቀምበት አይደለም።

አደገኛ የሚያደርገው ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው። ጉበት የዓመታት ስንቅ ያስቀምጣል። ስለዚህ ሥጋ የተወ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ምንም ሳይሆን፣ «ይኸው ጤነኛ ነኝ» እያለ ይከርማል። በዚህ ላይ የጥራጥሬና የጎመን ምግብ ፎሌት በሚባለው ቫይታሚን የበለጸገ ነው። ፎሌት የደም ማነሱን ሊሸፍነው ይችላል፤ የነርቭ ጉዳቱን ግን አያቆመውም። ደሜ ደህና ነው ብሎ መተማመን የማያዋጣው ለዚህ ነው።

እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱ መድኃኒቶችን ወይም ለስኳር ሕመም የሚሰጠውን ሜትፎርሚን ለረዥም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ሥጋ እየበሉም ቢ12 ሊያንሳቸው ይችላል። ጨጓራና ስኳር በሞሉባት ከተማችን ይህ ሥጋ በላውንም የሚመለከት ነው።

ሐኪሟ ሥጋ ብላ አላለችኝም። የቢ12 መርፌ መጀመሪያ በየሁለት ቀኑ፣ ቀጥሎ በየሳምንቱ፣ ከዚያም በየወሩ ወሰድኩ። ድካሙ በሳምንታት ውስጥ ለቀቀኝ። የእግሬ መንዘር ስምንት ወር ፈጀ። የግራ እግሬ ሁለት ጣቶች እስከ ዛሬ እንደ ደነዘዙ ናቸው። «ሰባቱን ወር ባይደብቁ ኖሮ እነዚህም ይመለሱ ነበር ይሆናል» ነው ያለችኝ።

መከላከያው ከዚህ ሁሉ ቀላል ነው። የእንግሊዙ ቪጋን ማኅበር ቢ12 የተጨመረበት ምግብ በበቂ የማይወስዱ አባላቱን በቀን ቢያንስ 10 ማይክሮግራም፣ ወይም በሳምንት አንድ ጊዜ 2,000 ማይክሮግራም እንክብል እንዲወስዱ ይመክራል። ቁጥሩ የገዘፈው አንጀት በአንድ ጊዜ መውሰድ የሚችለው ጥቂት ስለሆነ ነው። ወተትና እንቁላል በየቀኑ የሚወስድ ሰው ላያስፈልገው ይችላል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት ከ1 ማይክሮግራም ጥቂት የሚበልጥ፣ አንድ እንቁላል ደግሞ ግማሽ ያህል አለው። ጾም ሲገባ ግን ሁለቱም ይቆማሉና እንክብሉ በቦታቸው ይግባ።

ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ አዮዲንና ተልባ

ወተት ለማይወስድ ሰው ካልሲየም ከጎመን፣ ከሰሊጥና ከጤፍ ይገኛል። እዚህ ላይ ጎመንና ቆስጣ አንድ አይደሉም። ቆስጣ ካልሲየም ቢኖረውም ኦክሳሌት የሚባለው ንጥረ ነገር ይዞ ያስቀርበታል። ጎመን ኦክሳሌቱ ጥቂት ስለሆነ ካልሲየሙ ለሰውነት ይደርሳል። ቫይታሚን ዲ ከፀሐይ ነው። ፀሐይ በሞላበት አገር እየኖርን ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ቢሮ የምንል ሰዎች ግን ፀሐይዋን ከመስታወት ጀርባ ነው የምናያት፤ መስታወት ደግሞ ቫይታሚኑን የሚሠራውን ጨረር አያሳልፍም።

ዓሣና ወተት ለማይወስድ አዮዲን የሚያገኘው ከጨው ነው፤ አዮዲን የተጨመረበት መሆኑ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ይግዙ። ለልብ የሚጠቅመውን ኦሜጋ 3 ቅባት ከዓሣ የማያገኝ ሰው ተልባ አለለት። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ የቀኑን ፍላጎት ይሸፍናል። ሳይፈጭ ከተዋጠ ግን እንዳለ ያልፋል።

የቬጀቴሪያን ስም ይዞ መታመም

ሥጋ አለመብላት ብቻውን ጤና አይደለም። ሳምቡሳ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ሁሉም ሥጋ የለባቸውም። የጾም ወጦቻችንም ዘይት ይበዛባቸዋል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ቅባቱ ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመከረው ዓይነት ነው፤ ኑግና ሱፍ ይሻላሉ፤ እነሱም በልኩ። እኔ ቢራውን ስተው በለስላሳ ተክቼው ነበር። በዚያው ዓመት በአንድ ሠርግ ማግስት ሪሁ ተመልሶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ስኳር ያለበት ለስላሳ ለወንዶች የሪህን ዕድል እንደሚጨምር ማሳየቱን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ጥራጥሬ የዕለት ምግቡ የሆነ ሰው ጓያንም ማወቅ አለበት። ጓያ የወራት ዋነኛ ምግብ ሲሆን እግርን ለዘለቄታው የሚያሽመደምድ መርዝ አለው። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ሽሮ ውስጥ ሊደባለቅ ይችላል። ሽሮ በየቀኑ የሚበላ ሰው ከሚያውቀው ቤት ይግዛ፤ የተሻለው ሽምብራና አተሩን አስመርጦ ማስፈጨት ነው።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

ከጓደኛ ጋር ስንከራከር ሁላችንም የሚመቸንን ጥናት እንመርጣለን። ሁለቱንም ወገን ማስቀመጥ ይሻላል።

የአሜሪካ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው አቋም በአግባቡ የታቀደ የቬጀቴሪያን አመጋገብ ጤናማና በቂ መሆኑን ገልጿል። «በአግባቡ የታቀደ» የሚለውን ሐረግ ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ በአድቬንቲስት ምእመናን ላይ የተደረገው፣ 73 ሺሕ ሰዎችን ያቀፈው ጥናት በክትትሉ ጊዜ ቬጀቴሪያኖቹ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ12 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ሞርታዴላና ሶሴጅ ያሉ የተቀነባበሩ ሥጋዎችን የካንሰር መንስኤ፣ ቀይ ሥጋን ደግሞ መንስኤ ሊሆን የሚችል ብሎ መድቧል።

በሌላ በኩል 48 ሺሕ ያህል እንግሊዛውያንን የተከታተለው እ.ኤ.አ. የ2019 ጥናት ቬጀቴሪያኖች ለልብ ሕመም ያላቸው ዕድል በ22 በመቶ ሲያንስ፣ ስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው ግን በ20 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ቪጋኖች አጥንታቸው የመሰበር ዕድሉ ከፍ እንደሚል ታይቷል። ከካልሲየምና ከፕሮቲን ጋር ሳይያያዝ አይቀርም ተብሏል። እነዚህን ጥናቶች የምጠቅሰው ሥጋ መተው ስህተት ነው ለማለት አይደለም፤ ሥጋውን የተካው ምግብ ከሥጋው መተው እኩል እንደሚያስፈልግ ለማሳየት ነው።

«ጉልበት አይሰጥም» ለሚሉት ካርል ሌዊስን እጠቅሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 በቶኪዮ 100 ሜትርን በ9.86 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር የቪጋን አመጋገብ ይከተል እንደነበር ራሱ ተናግሯል። የአንድ ሰው ምስክርነት ማስረጃ አይሆንም፤ ጠረጴዛውን ግን ጸጥ ያሰኛል።

የአንድ ቀን ገበታዬ

ቁርስ፤ ፉል በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በቃሪያ፣ ወይም ቅንጬ በለውዝ። በፍስክ ቀን አንድ እንቁላል እጨምራለሁ። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ቡና።

ምሳ፤ እንጀራ በምስር ወጥና በጎመን፣ ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ። አሥር ሰዓት ላይ የሽምብራ ቆሎ ወይም ብርቱካን።

እራት፤ ሽሮ ወይም ክክ አልጫ፣ ከጥቅል ጎመንና ካሮት ጋር። ከመኝታ በፊት በፍስክ ቀን እርጎ፣ በጾም ቀን ተልባ። እሑድ እሑድ የቢ12 እንክብል።

እስከ ስድስት ሰዓት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ያንኑ ምግብ በሁለት ማዕድ ያጠቃልሉት፤ ጥራጥሬው እንዳይቀነስ።

ምርመራን በተመለከተ ሥጋ ለመተው የወሰነ ሰው ሲጀምር፣ ከዚያም በየዓመቱ ሙሉ የደም ምርመራ፣ የብረት ክምችት የሚያሳየውን ፌሪቲንና ቢ12 ቢያስመረምር መልካም ነው። ለሐኪሙም ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ ሳይጠየቅ ይንገረው። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች በራሳቸው ውሳኔ ከሥጋም ከወተትም መለየት የለባቸውም፤ መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ።

ከጓደኛ ጋር

ጓደኞቼን ለማሳመን መሞከር ትቻለሁ። ሥጋ ቤት አብሬያቸው እሄዳለሁ፤ እነሱ ቁርጣቸውን፣ እኔ ሽሮዬን እንበላለን። ስለ ኮሶ አላነሳባቸውም፤ እነሱም ስለ ወንድነቴ አያነሱብኝም። የፋሲካ ቅርጫ ሲመጣ እንደ ማንም አዋጥቼ መደቤን እወስዳለሁ። ቅርጫ ከሥጋው ይልቅ ጉርብትናው ነውና ከእሱ መቅረት አልፈልግም። የእኔን ድርሻ የግቢያችን ዘበኛ ቤተሰብ ይቀበለኛል።

ከዚያ ሁሉ ክርክር የተማርኩት ይህንን ነው፤ የሚጠራጠር ጓደኛ ጠላት አይደለም። ጥያቄው ያበሳጫል፤ ብዙ ጊዜም ስህተት ነው። ዳሩ ግን እኔን ለሰባት ወር ያሳመመኝ የእነሱ ጥርጣሬ ሳይሆን ላለመሸነፍ የዘጋሁት አፌ ነው። «ፕሮቲን ከየት ታገኛለህ?» ለሚል ሰው መልስ አለኝ። «ቢ12ስ?» ብሎ የጠየቀኝ ቢኖር ኖሮ ግን ያኔ መልስ አልነበረኝም።

ያ የልጅነት ጓደኛዬ ዛሬም ያሾፍብኛል። እሑድ ማታ ሲደውልልኝ ግን ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «እንክብልህን ዋጥክ?»